የጎዳና ሞተር ብስክሌት ለመም ሲለወጥ፦ ስለ ጋራዥ ቃላት አያያዝ

፩. መነሻ

ለጎዳና የተሠራን ሞተር ብስክሌት በቤት ውስጥ፣ በተራ መፍቻና በጥቂት መሣሪያ፣ ለውድድር ሜዳ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ በብዙ አገሮች የተለመደ ሥራ ነው። ሥራውን የሚያስተምሩ መምሪያዎችም በውጭ ቋንቋዎች በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ግን ገና ርእሱ ላይ ይሰናከላል። «ሞተር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ «ትራክ» የሚለው የተውሶ ቃል በፊደላችን ሲጻፍ የጭነት መኪና ይሆናል፤ «መለወጥ»፣ «መቀየር» እና «ማሻሻል» የሚሉት ግሦችም አንዱ የሌላውን ቦታ እየያዙ ያሳስታሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህንና መሰል ቃላትን መርምሮ፣ የትኛው እንዳለ ሊያዝ፣ የትኛው በቅጽል ሊወሰን፣ የትኛው ሊተው፣ የትኛውም አዲስ ሊሰየም እንደሚገባ ማመልከት ነው። ምሳሌዎቹ የሚቀርቡት ከሚዛን አማን፣ ከሸዋ ቤንችና ከቴፒ አካባቢ አንጻር ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ቡና በሚለቀምበት በዚያ ዝናባም አገር ሞተር ብስክሌት ሰውና ጆንያ የሚያመላልስ የዕለት ተዕለት መሣሪያ በመሆኑ ቃላቱ በአፍ ላይ ያሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆኗል፤ ነገር ግን በአካባቢው ሞተር ብስክሌት የሚነዳውና የሚጠግነው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ አፉን የፈታው በቤንች፣ በሸኮ ወይም በመኢኒት ቋንቋ ነው። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የአማርኛ ቴክኒካዊ ጽሑፍ አሻሚ ከሆነ፣ በለመደው ጆሮ አቃንቶ የማንበብ ዕድሉ ጠባብ ነው።

በሚዛን የሞተር ብስክሌት መወዳደሪያ የለም፤ ታዲያ ቃላቱ ለማን ይጠቅማሉ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ፣ ለውድድር የሚደረገው ለውጥ ከጌጥ ይልቅ በፍሬን፣ በጎማ፣ በዘይትና በብሎን ላይ የሚያተኩር መሆኑ ነው። እነዚህ ደግሞ ሁለት ጆንያ ቡና ጭኖ ጭቃማ ቁልቁለት ለሚወርደው ሰው ከተወዳዳሪው ባላነሰ የሕይወት ጉዳይ ናቸው።

፪. የነገሩ ምንነት

ቃል ከመምረጥ በፊት ጽንሰ ሐሳቡን መለየት ይገባል። በሞተር የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ከሕዝብ መንገድ ተለይቶ በተሠራ ዝግ መሽከርከሪያ ላይ የሚወዳደሩበት ልማድ ብሩክላንድስ የተባለው የእንግሊዝ ሜዳ በ1907 እ.ኤ.አ. ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። በዚያው ዓመት በማን ደሴት የተጀመረው ዝነኛ የሞተር ብስክሌት ውድድር ግን በሕዝብ መንገድ ላይ ይካሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚካሄደው ለውድድሩ ሲባል በሚዘጋ የሕዝብ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መንገድና የውድድር ሜዳ ከመነሻው የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው።

ለዝግ ሜዳ የሚዘጋጅ ሞተር ብስክሌት በመጀመሪያ ይራቆታል። ስፖኪዮው፣ ፍሬቻው፣ ታርጋው፣ የኋላ ተሳፋሪ የእግር መርገጫውና የጎን ማቆሚያው ይነሣሉ። መብራቶቹም ይወልቃሉ ወይም ስባሪያቸው እንዳይበተን በፕላስተር ይሸፈናሉ። ቀጥሎ የእግር መርገጫው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይዛወራል፤ ይህም ማሽኑ በኩርባ ላይ ሲያዘነብል መሬት እንዳይነካ ነው። የፍሬኑ ፈሳሽና ሸራ ይታደሳል፤ ሞላው ይጠነክራል፤ ለሜዳው የሚስማማ ጎማ ይገጠማል። በመጨረሻም የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ተበስቶ በሽቦ ይታሰራል፤ ከሞተሩ በታችም የሚፈስ ዘይት የሚቀበል ሳህን መሰል ክዳን ይደረጋል። አንድ ሰው በሜዳው ላይ ያፈሰሰው ዘይት ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ሊጥል ስለሚችል፣ ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ከነጂው ይልቅ ለሌሎች የተደነገገ ነው።

በሚዛን ጋራዦች የሚደረገው ለውጥ አቅጣጫው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ የጭነት መደገፊያ ብረት ይበየዳል፤ በዚህ ግን ሁሉ ነገር ይቀነሳል። ይህ ተቃራኒነት ቀጥሎ ለሚመጣው የመጀመሪያው የቃል ጥያቄ ወሳኝ ነው።

፫. «ትራክ»፣ «ኮርስ» ወይስ «መም»

የእንግሊዝኛውን ቃል በቀጥታ ወስዶ «ትራክ ሞተር» ማለት ለተርጓሚ የቀለለ ይመስላል። ሆኖም በእንግሊዝኛ በአንድ አናባቢ የሚለዩት ሁለት ቃላት፣ አንዱ የመወዳደሪያ ሜዳ፣ ሌላው የጭነት መኪና፣ በእኛ ፊደል «ትራክ» ተብለው አንድ ይሆናሉ። «ሲኖትራክ» የሚለውን ስም በየመንገዱ የሚሰማ አንባቢ «ትራክ ሞተር» ሲባል የሚታየው ጭነት የሚሸከም ሞተር ብስክሌት ነው። መደገፊያ ብረት ሲበየድ ለሚያይ የሚዛን ሰውማ ሌላ ትርጉም ሊመጣለት አይችልም። ቃሉ ባዕድ በመሆኑ ብቻ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው የተፈለገውን ነገር ተቃራኒ ስለሚያስታውስ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ «ኮርስ» ነው። ቃሉ ከጣልያንኛው «ኮርሳ» የመጣ ሲሆን፣ በብስክሌት ስፖርታችን «ኮርስ ብስክሌት» ተብሎ ከ«ማውንቴን ብስክሌት» ተለይቶ ይታወቃል። ነገር ግን ኮርስ ብስክሌት በአብዛኛው የሚወዳደረው በጎዳና ላይ በመሆኑ፣ ቃሉ ልንለየው የምንሻውን ጎዳና ራሱን ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ «ኮርስ» በትምህርት ቤት አማርኛ የጥናት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ሦስተኛው አማራጭ በእጃችን ያለ ነው። በአትሌቲክስ አማርኛ «የመም ውድድር»፣ «የጎዳና ላይ ሩጫ» እና «አገር አቋራጭ» የሚሉት ሦስት ስያሜዎች ሕዝብ የለመዳቸው፣ እርስ በርሳቸውም የማይደባለቁ ናቸው። «መም» የተከለለና ዙሪያው የሚታወቅ መሮጫ ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ለሞተር ብስክሌት ያለ ምንም ማስፋት ይስማማል። ከዚህም በላይ ሦስቱ ስያሜዎች ሥርዓት ያላቸው በመሆኑ አንዱ ሲወሰድ ሌሎቹ ይከተላሉ፦ የጎዳና ሞተር ብስክሌት፣ የመም ሞተር ብስክሌት፣ የአገር አቋራጭ ሞተር ብስክሌት። የስያሜ ሥራ መልካም የሚባለው እንዲህ አንድ ቃል ሲመረጥ ለቤተሰቡ ሁሉ ቦታ ሲያዘጋጅ ነው።

ከዚህ ላይ ለተርጓሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ያሻል። በሞተር ብስክሌት ስፖርት የእንግሊዝኛው «የመንገድ ውድድር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት በለበሰ መም ላይ የሚደረገውን ውድድር ነው። ቃል በቃል «የጎዳና ውድድር» ብሎ የተረጎመ ሰው ለወጣቱ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም የተፈቀደ ያስመስልበታል። ስለሆነም ተርጓሚው ቃሉን ከመመለሱ በፊት ሜዳውን ማጣራት ይኖርበታል።

፬. «ሞተር»

በአማርኛ «ሞተር» በመጀመሪያ ኃይል ሰጪውን ክፍል፣ ቀጥሎ ሞተር ብስክሌቱን በሙሉ ይጠራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱንም ትርጉሞች መመዝገብ ግዴታው ነው፤ የሕዝቡን አነጋገር የመግለጥ እንጂ የማረም ሥልጣን የለውም። የሙያ ቃል አዋቃሪ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል ከአንድ ነገር በላይ እንዳይጠራ መወሰን አለበት።

«የሞተሩ ክብደት ይቀነስ» የሚል ዓረፍተ ነገር በመምሪያ ውስጥ ቢገኝ፣ አንዱ አንባቢ ስፖኪዮና ታርጋ ያወልቃል፤ ሌላው ከሞተሩ ክፍሎች አንዳች ሊያነሣ ይሞክራል። «ሞተሩን አውርድ» ሲባልም ከመኪና ላይ ሞተር ብስክሌቱን ማውረድ ነው ወይስ ከአጽሙ ላይ ሞተሩን መፍታት ነው? በንግግር ጊዜ ሁኔታው ይፈታዋል፤ በጽሑፍ ግን ሁኔታ የለም። ስለዚህ በቴክኒካዊ ጽሑፍ «ሞተር» ለኃይል ሰጪው ክፍል ብቻ ተወስኖ፣ ተሽከርካሪው ሁልጊዜ «ሞተር ብስክሌት» ቢባል ይመረጣል። «ሞተረኛ» የሚለው የነጂው መጠሪያ አሻሚ ስላልሆነ እንዳለ ሊያዝ ይችላል።

የንግድ ስም የወል ስም ሲሆን የሚከተለውን ጣጣም «ባጃጅ» ያሳያል። የህንዱ ኩባንያ ባለሁለት ጎማውን «ቦክሰር» ሞተር ብስክሌትም ይሠራል፤ በአማርኛ ግን «ባጃጅ» ማለት ባለሦስት እግሩ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የኩባንያው ስም በሞተር ብስክሌት መምሪያ ውስጥ ሲገኝ «የባጃጅ ፍሬን» ብሎ መተርጎም አንባቢውን ወደ ሌላ ተሽከርካሪ ይወስደዋል።

፭. ጋራዡ ያለው ቃል

የጋራዥ አማርኛ ሥር የሰደደው በአብዛኛው በጣልያንኛ ላይ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የመኪና መንገድና ጥገና ሲስፋፋ፣ ቃላቱም ከመፍቻው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ሳልባትዮ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ እነዚህ ሁሉ የአማርኛን የድምፅ ሥርዓት ተቀብለው፣ ብዙ ቁጥርና አገናዛቢ እየወሰዱ የሚኖሩ ቃላት ናቸው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ በሳይንስ ቃላት ስያሜ የተገኘው ልምድ እንደሚያስረዳው፣ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር የሚመሠረት ስያሜ የሚጸናው የሚያስተምረው ተቋም ሲኖረው ነው። «ቤተ ሙከራ» እና «ሥነ ሕይወት» የጸኑት የመማሪያ መጽሐፍ ስለ ተሸከማቸው ነው። የጋራዥ ሙያ ግን በብዛት የሚተላለፈው ከዋና ሠራተኛ ወደ ረዳት በቃል ነው። ለካንዴላ «ብልጭታ ሰጪ» የሚል ስያሜ ቢወጣ፣ ረዳቱ ዕቃውን ለመግዛት ሲላክ የሚሸጥለት አያገኝም። እንግዲህ ጋራዡ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል ካለው፣ ያንን መያዝ ነው።

ሁለተኛው ወገን በቅጽል መወሰን የሚሻው ነው። «ካቴና» የብስክሌት ሰንሰለትና የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ነው፤ «ታምቡር» የፍሬን ከበሮና የጆሮ ክፍል ነው። ትርጉሞቹ እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ «የሞተር ብስክሌት ካቴና»፣ «የፍሬን ታምቡር» ማለት ይበቃል። «ሸራ» ደግሞ የጨርቅ ስም ሆኖ ሳለ «የፍሬን ሸራ»፣ «የፍሪሲዮን ሸራ» ተብሎ ለሚያልቀው ልባስ ተሰጥቷል። ይሁንና ሁለቱ ሸራዎች የሥራ ቦታቸው ፈጽሞ ስለሚለያይ «ሸራው ይቀየር» ብሎ መተው አይገባም፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ መጠቀስ አለበት።

፮. «የፍሬን ዘይት»

ሦስተኛው ወገን፣ የተለመደ ቢሆንም ሊተው የሚገባው ቃል ነው። በሃይድሮሊክ ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በጋራዥ «የፍሬን ዘይት» ይባላል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የተባሉት ፈሳሾች ግን መሠረታቸው ግላይኮል እንጂ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ዘይት አይደለም። ዶት 5 ደግሞ መሠረቱ ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማኅተሞች የተሠሩት ለዚህ ፈሳሽ ነው። የሞተር ዘይት ቢጨመርባቸው ያብጣሉ፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይም ይከዳል።

ቃሉ ስሕተቱን ይጋብዛል። ብዙ አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች በሽቦ የሚሳብ የታምቡር ፍሬን ያላቸው በመሆናቸው፣ በእነርሱ ላይ የለመደ ሰው የዲስክ ፍሬን ሲገጥመው «ዘይት ጎድሏል» ከተባለ በእጁ ያለውን ዘይት ቢጨምር ቋንቋው አልከለከለውም። እንዲያውም አዝዞታል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሹ በፍሬን ሙቀት ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ይታመቃል፤ ነጂው መያዣውን ሲጨብጥ ፍሬን አያገኝም። በመም ላይ ሙቀቱ ከፍጥነት ይመጣል፤ ከሚዛን ዙሪያ ባሉት ረጅም ቁልቁለቶች ደግሞ ከጭነት። «ዘይት» የሚለው ቃል ግን ውሃ የማይቀላቀለው ነገር እንደ ሆነ ስለሚያስታውስ፣ ፈሳሹ በየጊዜው መለወጥ ያለበት ለምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ይሰውርበታል። ስለዚህ «የፍሬን ፈሳሽ» የሚለው ስያሜ በጽሑፍ ይጸና ዘንድ ይገባል፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስም «በተለምዶ የፍሬን ዘይት የሚባለው» ተብሎ ከጋራዡ ቃል ጋር መያያዝ አለበት።

፯. መለወጥ፣ መቀየር፣ ማሻሻል

ከስም ወደ ግሥ ስንሻገር፣ ለሥራው በሙሉ በንግግር የሚሰማው «ሞዲፋይ ማድረግ» ነው። ተርጓሚዎች ይህን «ማሻሻል» ብለው ሲመልሱት ይታያል። ነገር ግን ማሻሻል የተሻለ ማድረግ ነው። ለመም የተዘጋጀ ሞተር ብስክሌት መብራት፣ ስፖኪዮና ፍሬቻ የሌለው በመሆኑ ለጎዳና የባሰ፣ ሕግም የማይፈቅደው ነው። «የተሻሻለ» የተባለ ማሽን ወደ ጎዳና ቢወጣ ቃሉ የተሳሳተ ምስክርነት ሰጥቶለታል።

«መቀየር» በጋራዥ አማርኛ አንድን ክፍል አንሥቶ በሌላ መተካት ነው፤ ጎማ ይቀየራል፣ ሸራ ይቀየራል። «መለወጥ» ሰፊ ቢሆንም የአንድን ነገር ጠባይና ግብር በሙሉ ለማመልከት የተሻለ ነው። በመሆኑም በመምሪያዎች ውስጥ ክፍል ሲሆን «መቀየር»፣ ማሽኑ በሙሉ ሲሆን «መለወጥ» ብሎ መወሰን፣ «ማሻሻል»ን ግን በእርግጥ የተሻለ ነገር ሲኖር ብቻ መጠቀም ይመከራል።

፰. ይጠብቃል፣ ይላላል

ሰዋስዋችንና ጋራዡ የሚጋሯቸው ሁለት ግሦች አሉ፤ እነርሱም «ጠበቀ» እና «ላላ» ናቸው። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። «ይጠብቃል» የሚለው «ብ» ላልቶ ሲነበብ የብሎን መጥበቅ ነው፤ «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ሰው መጠበቅ ነው። «ይፈታል» የሚለውም ላልቶ ሲነበብ አድራጊውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተደራጊውን ይገልጣል። ተደራጊው ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ «ይህ ብሎን ይፈታል» ማለት ትእዛዝ ነው? ወይስ ብሎኑ ሊፈታ የሚችል ወይም የመፈታት ጠባይ ያለው መሆኑን መግለጥ?

የቤንች ቋንቋ የቃልን ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ ነው፤ ተናጋሪው ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት ለመስማት ጆሮው የሰላ ነው። ሆኖም ፊደሉ ያላሳየውን የአማርኛ ጥብቀት ከልጅነት ልማድ ሊያሟላው አይችልም። ስለዚህ መመሪያ ሰጪ ዓረፍተ ነገር በአክብሮት ትእዛዝና በተሳቢ ምልክት ቢጻፍ ይበጃል፦ «ብሎኑን ይፍቱ»፣ «ብሎኑን ያጥብቁ»። እነዚህ ቅርጾች በጽሕፈትም ሆነ በንባብ አንድ ትርጉም ብቻ አላቸው።

ይኸው ጥንቃቄ አዲስ ስም ስናወጣም ያስፈልጋል። ከማፍሰሻው ብሎን ላይ የሚታሰረው ሽቦ «ማጥበቂያ ሽቦ» ቢባል ስሕተት ነው፤ ሽቦው ብሎኑን አያጠብቅም። ብሎኑ አስቀድሞ በተወሰነለት ልክ ይጠብቃል፤ ሽቦው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እየሳበ እንዳይፈታ ብቻ ይይዘዋል። «መጠበቂያ ሽቦ» ቢባልም ንባቡ ከማጥበቅ ጋር ይምታታል። «መያዣ ሽቦ» ግን ሥራውን በትክክል ይገልጣል።

፱. የሚቀርቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል።

መም (ስም)፦ ለውድድር የተከለለ ዝግ መሽከርከሪያ ወይም መሮጫ።

የመም ሞተር ብስክሌት፦ በመም ላይ ብቻ እንዲነዳ የተሠራ ወይም የተለወጠ፤ ለጎዳና የማይፈቀድ።

ሞተር (በሙያ ጽሑፍ)፦ ኃይል ሰጪው ክፍል ብቻ።

የፍሬን ፈሳሽ፦ በሃይድሮሊክ ፍሬን ውስጥ ግፊት የሚያስተላልፍ ፈሳሽ፤ በተለምዶ የፍሬን ዘይት የሚባለው።

መያዣ ሽቦ፦ የጠበቀ ብሎን እንዳይፈታ በተበሳው ራሱ ገብቶ የሚታሰር ሽቦ።

ዘይት ተቀባይ ሳህን፦ ከሞተር የሚፈስ ዘይት ወደ መሬት እንዳይወርድ ከሥሩ የሚገጠም ክዳን።

የማጥበቂያ ልክ፦ አንድ ብሎን ሊጠብቅ የሚገባው መጠን፤ በኒውተን ሜትር የሚለካ።

ግልብጥ ማርሽ፦ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች አንደኛው ማርሽ ወደ ታች፣ ቀሪዎቹ ወደ ላይ ሲገቡ፣ በተገላቢጦሽ አንደኛው ወደ ላይ፣ ቀሪዎቹ ወደ ታች የሚገቡበት አሠራር።

ከእነዚህ ውስጥ ከጋራዡ ጋር ሳይመከርበት ሊጸና የሚችል የለም። ስያሜው ለተርጓሚው ምቹ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሚዛን አማን ላይ ረዳቱ ቃሉን ሰምቶ ትክክለኛውን ዕቃ አንሥቶ ካመጣ፣ ያን ጊዜ ቃሉ መዝገብ ሊገባ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «የፍሬን ፈሳሽ» ይታሰብበት፤ ሌሎቹ ስያሜዎች ቢዘገዩ ጽሑፍ ይጎድላል፣ ይህ ቢዘገይ ግን ሰው ይጎዳል።